የቆመን መኪና የሚይዝ ፍሬን፦ በአሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ ላይ የጎደሉ የእጅ ፍሬን ክፍሎችን ስለ መተካት

የእጅ ፍሬን ባይኖርም መኪና ይነሳል፣ ይሄዳል፣ በእግር ፍሬንም ይቆማል፤ በዚህም ምክንያት ዕድሜ የጠገበ መኪና ጋራዥ በገባ ቁጥር የእጅ ፍሬኑ ሥራ ለሌላ ጊዜ እየተላለፈ፣ አንድ ጊዜ ሞላ፣ ሌላ ጊዜ ፒን እየጎደለው ይሄድና በመጨረሻ ከሾፌሩ እጅ ሥር ያለ አንዳች ውጤት ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ማንሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሞተሩን ድምፅና የቀለሙን ጥራት አሳምሮ የእጅ ፍሬኑን የተወ ጥገና ግን፣ መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ ሾፌሩ በወረደባት ቅጽበት ሰውንና ንብረትን ለአደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ፣ ተጠናቀቀ ሊባል አይገባውም። ይህ ምዕራፍ ጉዳዩን የሚመረምረው በአንድ መኪና ላይ ተመሥርቶ ነው፤ እርሱም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1985 በተመረቱት የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ላንድሮቨሮች ውስጥ የሚመደበው፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች ወይም 2.77 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ፒክአፕ ነው። መኪናው በኢትዮጵያ ገጠር መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ከመሆኑም በላይ፣ የእጅ ፍሬኑ አሠራር ከዛሬዎቹ የቤት መኪኖች የተለየ ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት ሳይረዱ የጎደለውን ክፍል መፈለግ ድካምን ያበዛል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሚያዝያ 30 ቀን 1948 ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ ያሰበው ለገበሬ የሚሆን፣ ከመጓጓዣነቱ ባሻገር የእርሻ መሣሪያ ጭምር የሚያንቀሳቅስ መኪና ነበር። የሞተሩ ጉልበት በተጨማሪ ዘንግ ወጥቶ የውኃ ፓምፕ ወይም የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ እንዲያዞር ሲፈለግ፣ መኪናው ባለበት እንደቆመ ሞተሩና ካምቢዮው ግን መሥራት ነበረባቸው። ይህ የሚሆነው የትራንስፈር ሳጥኑ፣ ማለትም ከካምቢዮው የመጣውን ጉልበት ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን፣ ወደ ገለልተኛ ቦታ ሲገባ ነው፤ በዚያ ጊዜ መኪናውን ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ማቆም የሚባለው ዘዴ ፈጽሞ አይሠራም፤ ምክንያቱም በሞተሩና በጎማዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ተቋርጧል። መኪናውን ሊይዝ የሚችለው ከትራንስፈር ሳጥኑ በኋላ የተቀመጠ ፍሬን ብቻ ሲሆን፣ የላንድሮቨር የእጅ ፍሬንም የተቀመጠው በትክክል እዚያው፣ ወደ ኋላ አክስል የሚሄደው ካርዳን ከትራንስፈር ሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራው ዊሊስ ጂፕም የእጅ ፍሬኑን በዚሁ አካባቢ የያዘ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው ባለ 40 ተከታታይ ቶዮታ ላንድክሩዘርም አብዛኛውን የምርት ዘመኑን በተመሳሳይ አሠራር ስላሳለፈ፣ ከዚህ በታች የሚባለው አብዛኛው ነገር፣ የክፍሎቹ ቅርጽና ልክ ቢለያይም፣ ለእነርሱም ይሠራል።

ፍሬኑ በኋላ ጎማዎች ውስጥ ሳይሆን በካርዳኑ ጫፍ ላይ መሆኑ ትልቅ የሜካኒክ ጥቅም አለው። የላንድሮቨር ዲፈረንሻል፣ ማለትም የካርዳኑን ዙረት ወደ ጎን አዙሮ ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው የማርሽ ስብስብ፣ ጥምርታው 4.7 ለ1 ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ 4.7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በዚህም የተነሣ ካርዳኑን ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት ጎማዎቹን በቀጥታ ለመያዝ ከሚያስፈልገው ከአንድ አምስተኛ ብዙም አይበልጥም። ለምሳሌ ከነጭነቱ 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ቢቆም፣ ቁልቁል የሚጎትተው ጉልበት የ390 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ይሆናል። ከጎማው መሃል እስከ መሬት ያለው ርቀት 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የፍሬኑ ታምቡር፣ ማለትም ከካርዳኑ ጋር የሚዞረውና የፍሬን ሸራዎቹ ከውስጡ የሚጣበቁበት ክብ ብረት፣ ጠቅላላ ስፋት ደግሞ 9 ኢንች ወይም 22.9 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ይህ ታምቡር በቀጥታ ከጎማዎቹ ጋር የታሰረ ቢሆን ኖሮ በውስጠኛው ጠርዙ ላይ የ1300 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል የሰበቃ ጉልበት ማግኘት ነበረበት፤ ከዲፈረንሻሉ በፊት በመቀመጡ ግን ወደ 280 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ይበቃዋል። አንድ ትንሽ ታምቡርና ሁለት ሸራዎች፣ ያለ ፈሳሽ ግፊት፣ በሰው ክንድ ብቻ እየተሳቡ ይህን መኪና ዳገት ላይ መያዝ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ጥቅሙ ጣጣም አለው። በታምቡሩና በጎማዎቹ መካከል የካርዳኑ መገጣጠሚያዎች፣ የዲፈረንሻሉ ጥርሶችና የጎማ ዘንጎቹ ጫፎች ስላሉ፣ የእያንዳንዳቸው ጥቂት ላላነት ተደማምሮ፣ ፍሬኑ በሚገባ ተይዞም ቢሆን መኪናው መጀመሪያ በመጠኑ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሸርተት ብሎ ከዚያ ይቆማል፤ ይህ በአሮጌ መኪና ላይ የሚጠበቅ ነገር እንጂ የፍሬኑ ጉድለት ምልክት አይደለም። ከዚህ የከፋው መኪናው እየሄደ ሳለ የእጅ ፍሬኑን መሳብ ነው፤ ዲፈረንሻሉ የፍሬኑን ጉልበት 4.7 ጊዜ አብዝቶ ወደ ጎማ ዘንጎቹ ስለሚያስተላልፈው፣ ቀድሞውንም በመሰበር የሚታወቁት የእነዚህ ላንድሮቨሮች የኋላ ጎማ ዘንጎች ሊቆረጡ ይችላሉ፤ የጎማ ዘንግ በተቆረጠበት መኪና ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን የመያዝ አቅሙን ጨርሶ ያጣል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው አደጋ በክሪክ ላይ ይከሰታል፦ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሳ፣ ታምቡሩ ካርዳኑን ጥርቅም አድርጎ እንደያዘ፣ ዲፈረንሻሉ መሬት ላይ ያለው ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የተንጠለጠለው ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንዲዞሩ ስለሚፈቅድ መኪናው ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ጎማ ሲቀየርም ሆነ ራሱ ፍሬኑ ሲጠገን፣ መሬት በነኩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ማስገባት የግድ ነው። የትራንስፈር ሳጥኑን ወደ አራት ጎማ ማስገባትም ይረዳል፤ የፊተኛው ካርዳን ከኋለኛው ጋር ስለሚቆላለፍ ታምቡሩ የፊት ጎማዎችንም ጭምር ይይዛል፤ ይህ የሚሆነው ግን በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ነጻ የሚለቁ መቆለፊያዎች ከተገጠሙ እነርሱም ተቆልፈው ሲገኙ ነው።

የጎደለውን ለማወቅ ሊኖር የሚገባውን ማወቅ ይቀድማል፤ ለዚህም የእጅ ፍሬኑን ከሾፌሩ መዳፍ እስከ ታምቡሩ ግድግዳ ድረስ በአንድ አቅጣጫ መከተል ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ማንሻው ሲሳብ በቦታው የሚያቆየው ጥርስ ያለው ብረትና በጥርሱ መካከል የሚገባ ምላስ አለ፤ ምላሱን ወደ ጥርሱ የሚገፋ ትንሽ ሞላ ደግሞ አብሮት ይኖራል። ከማንሻው የሚነሳው ዘንግ ወደ አንድ የክርን ቅርጽ ያለው ብረት ይደርሳል፤ የዚህ ክርን ሥራ የመሳቡን አቅጣጫ መለወጥ ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፎቹ ከዘንጎቹ ጋር የሚያያዘው በፒን ነው። ፒን ሲባል እዚህ ላይ በአንድ ጫፉ ራስ ያለው፣ ገላው ለስላሳ፣ በሌላው ጫፉ ኮፒሊያ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው አጭር ዘንግ ማለት ነው። ሁለተኛው ዘንግ ወደ ታምቡሩ ጀርባ ሳህን ገብቶ አንድ ሾጣጣ ብረት ይስባል፤ ሾጣጣው በሁለት ተንከባላይ ብረቶች መካከል ሲያልፍ ሁለቱን ገፊ ብረቶች ወደ ውጭ ያስፈነጥራል፤ እነርሱም በተራቸው ሁለቱን ግማሽ ክብ የፍሬን ሸራዎች ከታምቡሩ ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ያጣብቃሉ። በሸራዎቹ ሌላኛ ጫፍ፣ ከጀርባ ሳህኑ ውጭ ባለ አራት ማዕዘን ራሱ የሚታይ ማስተካከያ አለ፤ ሸራው ባለቀ ቁጥር ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው እርሱ ነው። ማንሻው ሲለቀቅ ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሱት ደግሞ ሁለት ጠንካራ ሞላዎች ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደጎደለ ለመለየት ሙያተኛ የሚያነበው የብረቱን ገጽ ነው። ባዶ ቀዳዳ ሲገኝ ጠርዙ ዝጎ ቀለሙ ካልተነካ፣ እዚያ ቦታ ላይ በዚህ መኪና ዘመን ሁሉ ምንም አልተገጠመ ይሆናል፤ ጠርዙ አብረቅርቆ ክብነቱ ወደ ሞላላነት ከተለወጠ ግን፣ በዚያ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ፒን ወድቋል ማለት ነው። በሸራው ጎን ላይ የሞላ ጫፍ የተከለው ጭረት፣ በክርኑ ትከሻ ላይ ሮንዴላ የተወው ክብ አሻራ፣ በዘንጉ ጥርስ ላይ ዳዶ ሲጠብቅ የኖረበት ንጹሕ ቦታ፣ ሁሉም ስለ ጠፋው ክፍል ይመሰክራሉ። በተደጋጋሚ የሚገኘው ሌላው ነገር የምትክ ምትክ ነው፦ በኮፒሊያ ፈንታ የታጠፈ ምስማር፣ በፒን ፈንታ ደግሞ ተራ ብሎን። ብሎኑ በመጀመሪያ እይታ የሚያስደስት ጥንካሬ ያለው ቢመስልም፣ ጥርሱ በቀዳዳው ውስጥ በተሽከረከረ ቁጥር እንደ ሞረድ ብረቱን እየፋቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ይህ በሦስትና በአራት መገጣጠሚያዎች ላይ ሲደጋገም፣ ማንሻው እስከ መጨረሻው ተስቦም ሾጣጣው ብረት ገና ከቦታው አልተነቃነቀም ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ የጎደለ ክፍል ያለ አይመስልም፤ በእርግጥ የጎደለው ግን ሊሆን የሚገባው ለስላሳ ፒን ነው።

ክፍሎቹ የጠፉበት ምክንያት ሳይታወቅ አዳዲሶቹን መግጠም ዋጋ የለውም፤ በላንድሮቨር ላይ ደግሞ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው። ታምቡሩ ከትራንስፈር ሳጥኑ በሚወጣው ዘንግ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ በከንፈሩ ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት፣ በዕድሜ ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ የማርሽ ዘይቱ በቀጥታ ወደ ታምቡሩ ይገባል። ዘይት የጠጣ ሸራ አይዝም፤ ሾፌሩ ማንሻውን እየደጋገመ በኃይል ይስባል፤ ዘንጎቹ ይጠማዘዛሉ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ታምቡሩን ከፍቶ በዘይት የራሱትን ሸራዎች ያወጣና አዲስ እስኪገኝ ብሎ ባዶውን ይገጥመዋል፤ ሞላዎቹና ተንከባላዮቹም በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅመው ከቆርቆሮው ጋር ይጠፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ይህን አደጋ ስላወቁት ከጀርባ ሳህኑ ጋር የሚታሰር፣ ያመለጠውን ዘይት ከሸራው አርቆ ወደ ውጭ የሚያወርድ ስስ መከላከያ ብረት ሠርተው ነበር፤ ጥቅሙ ለዓይን ስለማይታይ ግን በጥገና ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣለው እርሱ ነው፤ ሲተካም ሳይታወስ ይቀራል።

ሥራው ሲጀመር መኪናው በደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጎማዎቹ በታኮ ከተያዙ በኋላ፣ የኋላው ካርዳን ከታምቡሩ ጎን ይፈታል፤ ሲመለስ በነበረበት አቀማመጥ እንዲገጠም በሁለቱም ወገን ላይ አስቀድሞ ምልክት ማድረግ ይገባል። ማስተካከያው ወደ ኋላ ሲላላ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ይሸሻሉ፤ ትናንሾቹ ብሎኖች ከወጡ በኋላም ታምቡሩ ዙሪያውን በጎማ መዶሻ እየተመታ ይወጣል። በዚህ ቦታ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለመኪናው ብቻ አይደለም፤ በአሮጌ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ በሳንባ ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ በሽታ የሚያስከትለው አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ይገኝ ነበር፤ ብሪታንያ አጠቃቀሙን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1999 ነው። ስለዚህ በታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ በአፍ እፍ ማለትም ሆነ በኮምፕረሰር አየር ማቡነን ፈጽሞ አይገባም፤ በውኃ አርሶ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሮ ማስወገድ ያስፈልጋል። ይህ ልማድ በብዙ ጋራዦች ያልተለመደ መሆኑ የሚያሳዝን ነው፤ ከሚያስከፍለው ጥቂት ደቂቃ አንጻር ምንም ምክንያት ሊቀርብለት አይችልም።

ከዚያ ቀጥሎ ኦይል ሲሉ ይቀየራል። አዲስ ሲል ከመግጠም በፊት ከንፈሩ የሚያርፍበትን የፍላንጃ፣ ማለትም በዘንጉ ጫፍ ላይ ካርዳኑ የሚታሰርበት ክብ ብረት፣ ገጽ በጥፍር ጫፍ መዳሰስ ይጠቅማል፤ ጥፍርን የሚይዝ ቦይ ከተሰማ፣ የቀድሞው ሲል ለብዙ ዓመታት ሲሽከረከርበት ብረቱን ቆፍሮታል ማለት ስለሆነ፣ አዲሱም ሲል በዚያው ቦይ ላይ ካረፈ ብዙም ሳይቆይ ማፍሰሱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ፍላንጃውን መቀየር ወይም በቶርኖ ቤት በቦዩ ላይ ስስ ቀለበት ማልበስ ይሻላል። በትራንስፈር ሳጥኑ ውስጥ ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም ጤናማውን ሲል አልፎ ሊወጣ ስለሚችል፣ መጠኑን በመሙያው ቀዳዳ ልክ ማድረግ ያስፈልጋል። በዘይት የራሱ ሸራዎችን በቤንዚን አጥቦ መመለስ የተለመደ ቢሆንም ውጤቱ ያታልላል፤ ላዩ ደርቆ ቢታይም በውስጡ የሰረገው ዘይት ታምቡሩ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። መደረግ ያለበት ሸራውን አስነስቶ አዲስ ማስለበስ ነው፤ በሪቬት ከታሰረም የሪቬቶቹ ራስ ከሸራው ገጽ በታች ጠልቆ መቀመጡን ማየት ይገባል፤ አለበለዚያ ታምቡሩን ይቦጭቀዋል።

የጎደሉትን ክፍሎች ማግኘት እንደየአገሩ ይለያያል። በብሪታንያ የእነዚህ መኪኖች መለዋወጫ እስከ ዛሬ እየተመረተ ስለሚሸጥ፣ ሸራው፣ ሞላውና የመግፊያው ስብስብ አዲስ ሆኖ ይገኛል። በአዲስ አበባ ግን፣ በመርካቶው ሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ የላንድሮቨር ዕቃ እንደ ቶዮታ በቀላሉ የሚገኝ ባለመሆኑ፣ ባለ መኪናው ከሰልቫጅና ከቶርኖ ቤት ጋር መሥራት ይገደዳል። እዚህ ላይ ሊሠራ የሚችለውንና የማይችለውን መለየት የሙያው ቁም ነገር ነው። ፒን በቶርኖ ሊሠራ ይችላል፤ ቀዳዳው ከሰፋ ቀዳዳውን ክብ አድርጎ አስፍቶ፣ ለዚያ ልክ የሚሆን ወፈር ያለ ፒን ማስገባት፣ ወይም ቀዳዳውን በብየዳ ሞልቶ በመጀመሪያው ልክ መብሳት ይቻላል። ሮንዴላ፣ ኮፒሊያና መከላከያው ብረትም ብዙ አያስቸግሩም። ሾጣጣው ብረትና ተንከባላዮቹ ግን ገጻቸው በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ፣ ከለስላሳ ብረት ቢቀረጹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሸራዎቹን የሚገፋው ቦታ ይሰረጎድና ፍሬኑ ተይዞ እንዳይለቅ ያደርጋል። የመመለሻ ሞላም ከሌላ መኪና ተወስዶ ርዝመቱ ስለተመሳሰለ ብቻ ሊገጠም አይገባም፤ የላላ ሞላ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር እየተሻሸ እንዲሄድ ያደርጋል፤ ይህም ታምቡሩን በማጋል አዲሱን ኦይል ሲል ጭምር ያቃጥላል።

ሁሉም ተሟልቶ ሲገጣጠም የመግፊያው ክፍሎችና የሸራዎቹ ብረት ከጀርባ ሳህኑ ጋር የሚነካኩባቸው ነጥቦች በጣም ጥቂት ግሪስ ይቀባሉ፤ በሸራው ገጽ ላይ አንዳች ቅባት እንዳይነካ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታምቡሩና ካርዳኑ ከታሰሩ በኋላ የሚደረገው ማስተካከል ቅደም ተከተሉ ሊዛባ አይገባም። መጀመሪያ ማንሻው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ ባለ አራት ማዕዘኑ ማስተካከያ ሸራዎቹ ታምቡሩን እስኪነኩ ድረስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁለት ቀጭታ ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ማንሻው አንድ ጊዜ በኃይል ይሳባል፤ በዚህም ሸራዎቹ በታምቡሩ መሃል ይቀመጣሉ። የዘንጎቹ ርዝመት የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ብቻ ሲሆን፣ ማንሻው ከአንድ ጥርስ ያልበለጠ ነጻ መንገድ እንዲኖረው ተደርጎ መቆለፊያ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን በመገልበጥ ነው፦ ሸራው ሲያልቅ ማስተካከያውን ከማዞር ይልቅ ዘንጉን ያሳጥራሉ፤ ማንሻው ለጊዜው ጠንክሮ ሲገኝ ፍሬኑ የተሠራ ይመስላል፤ ሾጣጣው ብረት ግን ገና ሳይሳብ ግማሽ መንገዱን ጨርሶ ስለሚጀምር፣ ሸራው ትንሽ እንደተበላ የመግፋት አቅሙ ያበቃል።

ፈተናው የሚካሄደው ሰው በሌለበት፣ ከታች ደልዳላ ሜዳ ባለው ለስላሳ ዳገት ላይ ነው። ሾፌሩ መኪናውን በእግር ፍሬን አቁሞ፣ የትራንስፈር ሳጥኑን ገለልተኛ ቦታ ላይ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን ከሳበ በኋላ እግሩን ቀስ እያለ ያነሳል፤ መኪናው ላላነቱን ያህል ሸርተት ብሎ ከቆመ፣ አፍንጫውን ወደ ሌላኛው አቅጣጫ አዙሮ ይህንኑ መድገም ያስፈልጋል፤ ወደ አንድ ወገን የያዘ ፍሬን ወደ ሌላኛው ወገን ላይይዝ ይችላልና። ከዚያም ማንሻው ወርዶ መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ወደ ታምቡሩ እጅ ሲጠጋ የሚሰማው ሙቀት ካለ ሸራው ከታምቡሩ ጋር እየተሻሸ ነው ማለት ስለሆነ ማስተካከያው አንድ ቀጭታ ይላላል። አዳዲስ ሸራዎች ከታምቡሩ ቅርጽ ጋር እስኪላመዱ ጥቂት ስለሚበሉ፣ ከተወሰኑ መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ማስተካከያውን እንደገና መመልከት፣ በዚያው አጋጣሚም በጀርባ ሳህኑ የታችኛው ጠርዝ ላይ ጣትን አሳልፎ ዘይት መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።